የሕዝብ መናፈሻ ወይስ ገለል ያለ ጥንታዊ ሥፍራ? የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከመያዝ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በተባለው ግዛት፣ ሆክስን የምትባል የገጠር መንደር አለች። እ.ኤ.አ በኅዳር ወር 1992 በዚህች መንደር መሬት ተከራይቶ የሚያርስ አንድ ገበሬ መዶሻው ማሳ ላይ ጠፋበት። ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ወዳጅ ነበረውና፣ ያ ሰው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንዳለው ስለሚያውቅ መዶሻውን እንዲፈልግለት ጠየቀው። ወዳጁ ማሳውን እየተዘዋወረ ሲፈትሽ መሣሪያው አጥብቆ ጮኸ። ቆፍሮ ያገኘው ግን መዶሻ አልነበረም፤ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ብዛት ያለው ጥንታዊ ሳንቲም ነበር።

ሰውየው የተወሰነውን ካወጣ በኋላ የነገሩን ክብደት ተረድቶ መቆፈሩን አቆመ፤ ጉዳዩም ሳይውል ሳያድር ለሚመለከታቸው አካላት ተነገረ። በማግስቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ደርሰው የቀረውን በጥንቃቄ አወጡ። ሀብቱ የተቀበረበት የእንጨት ሣጥን በዘመን ብዛት በስብሶ ነበር። ዕቃዎቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ግን አብዛኛው ስላልተናጋ፣ ምን ከምን ጋር እንደተቀመጠና እንዴት እንደተጠቀለለ ሳይቀር ለማወቅ ተቻለ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሳንቲሞችና ወደ 200 የሚጠጉ የወርቅና የብር ዕቃዎች ከዚያ ማሳ ወጡ። የሮማውያን አገዛዝ በብሪታንያ ባከተመበት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተቀበረ የባለጸጋ ቤተሰብ ሀብት ነበር። ለግኝቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ወሮታ ተከፈለ፤ አግኚውም ድርሻውን ለገበሬው አካፈለ። መዶሻውም በኋላ ተገኝቶ ዛሬ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ታሪክ በዓለም ዙሪያ መሣሪያውን ይዘው ሜዳ የሚወርዱ ሰዎችን ሁሉ ምኞት ያነሣሣል። ፈላጊዎቹ ዘወትር የሚጠያየቁት ጥያቄም አለ። ሕዝብ በሚመላለስበት መናፈሻ መፈለግ ይሻላል ወይስ ሰው በረሳው፣ ገለል ባለ ጥንታዊ ሥፍራ? ብዙዎች ጥያቄውን «የትኛው ቦታ ይበልጥ ያስገኛል?» ብለው ይረዱታል። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው መሬቱ የማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ከተቀመጠበት ሲነሣ ምን ይጠፋል የሚለው ነው። ጉዳዩ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ብቻ ሳይሆን፣ ሲያርስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፍር ያልጠበቀው ነገር ለሚገጥመው የአገራችን አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪም ይጠቅማል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ «ዲቴክተር» የሚባለው፣ በጫፉ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የያዘ ክብ አካል አለው። በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ዙሪያውን የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ይህ ኃይል መሬት ውስጥ ያለ ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ሲያገኝ በማዕድኑ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል። ፍሰቱም በተራው የራሱን የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። መሣሪያው ያንን ምላሽ ተቀብሎ በድምፅ ወይም በቁጥር ያሳውቃል።

ቴክኖሎጂው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ በ1881 በጥይት በተመታው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ጥይቱ የት እንዳለ ለማወቅ ይህን መሰል መሣሪያ ሞክሮ ነበር። ሙከራው አልተሳካም፤ በአልጋው ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ መሣሪያውን ማሳሳቱ እንደ አንድ ምክንያት ይነሣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የፖላንድ መኮንን የነበረው ዩዜፍ ኮሳትስኪ ወታደር በእጁ ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት መሣሪያዎች ወደ ሲቪሉ ሕዝብ እጅ ገቡ፤ ፍለጋውም ቀስ በቀስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆነ።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት የመሣሪያው ወሰን ነው። በሰዎች እጅ የሚገኙት የተለመዱ መሣሪያዎች አንድ ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ነው። ብረት አዘል በሆነ ቀይ አፈር ላይ አቅማቸው ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ «ወርቅን ከመቶ ሜትር ርቀት ይጠቁማል» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚቀርብ ዕቃ ማታለያ መሆኑን መገንዘብ ይገባል። እ.ኤ.አ በ2013 አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ምንም የማይሠራ የፕላስቲክ መያዣና አንቴና «ፈንጂ ጠቋሚ» ብሎ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች በመሸጡ በለንደን ፍርድ ቤት 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

መናፈሻው፦ ለእግር ቅርብ፣ ለፈቃድ ሩቅ

የከተማ መናፈሻ ለጀማሪ የሚስብ ቦታ ነው። ለመኖሪያ ቤት ይቀርባል፤ መሬቱ ደልዳላ፣ ሣሩም የታጨደ ነው። ሰው ሲቀመጥ፣ ሲጫወት፣ ሲሮጥ ከኪሱ ሳንቲም ይወድቅበታል፤ ከጣቱ ቀለበት ይሾልካል። በመሆኑም በመናፈሻ የሚገኘው በአብዛኛው የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው። የመሣሪያውን ድምፅ ለመለየት ለሚማር ሰው፣ ወይም የጠፋበትን የጋብቻ ቀለበት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን መናፈሻ የቆሻሻ ብረትም መከማቻ ነው። የጠርሙስ ክዳን፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት፣ የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ በየእርምጃው መሣሪያውን ያስጮኹታል። ችግሩ ትዕግሥት በማስጨረስ ብቻ አያበቃም። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የቆርቆሮ መክፈቻ በመሣሪያው ላይ የሚሰጡት ምልክት በጣም ተቀራራቢ ነው። ቆሻሻውን ላለመስማት መሣሪያውን ያስተካከለ ሰው ወርቁንም ሳይሰማው ያልፋል። ከዚህም በላይ ብዙ መናፈሻዎች ሲሠሩ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር የተደለደሉ ስለሆኑ፣ በዚያ የሚገኝ አሮጌ ዕቃ ስለ ቦታው ታሪክ የሚናገረው ነገር ላይኖር ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «የሕዝብ ነው» የሚለውን ቃል «ማንም ይቆፍረዋል» ብሎ መተርጎም ነው። በእንግሊዝ መናፈሻዎችን የሚያስተዳድሩት የየአካባቢው ምክር ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ብዙዎቹ ጨርሶ ይከለክላሉ። ሃይድ ፓርክን የመሳሰሉ የለንደን የንጉሣዊ መናፈሻዎች በመሣሪያው መፈለግን አይፈቅዱም። በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባለ መሬት መሣሪያውን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ለመፈለግ አዘጋጅቶ መያዝም ክልክል ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ የሚገኙት ሮክ ክሪክ ፓርክና ናሽናል ሞል በዚሁ አገልግሎት ሥር ናቸው። በአገሪቱ የፌዴራል መሬት ላይ ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ የሆኑ የጥንት ሰዎች ቅሪቶችን ያለ ፈቃድ ማንሣትም እ.ኤ.አ በ1979 በወጣ ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ልጁን ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መናፈሻ የሚወጣ ወገን ሳያስበው በሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ፈቃድ በተገኘበት መናፈሻም ቢሆን የአቆፋፈር ሥርዓት አለ። ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቆርጠው፣ አራተኛውን ጎን ሳይነኩ፣ እንደ ክዳን ይገለብጡታል። አፈሩን በጨርቅ ላይ ያወጣሉ፤ ሲጨርሱ መልሰው ሞልተው ሣሩን ይከድኑታል። ያገኙትን ቆሻሻ ብረትም ይዘው ይሄዳሉ እንጂ መልሰው አይጥሉትም።

ገለል ያለው ሥፍራ፦ ብዙ የሚናገር፣ በቀላሉ የሚቆስል

ሁለተኛው ምርጫ ሰው የተወው አሮጌ ሥፍራ ነው። የፈረሰ መንደር፣ የጥንት ገበያ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የነጋዴ ማረፊያ፣ ምሽግ ወይም የመቃብር ቦታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ያለው ዕቃ በቁጥር ትንሽ፣ በዕድሜው ግን ትልቅ ነው። የዘመናችን ቆሻሻ ስለማይበዛበት የመሣሪያው ድምፅ ይጠራል። የፈላጊዎች ልብ ወደዚህ የሚያዘነብለውም ስለዚሁ ነው።

ሆኖም በዚህ ሥፍራ አፈሩ ራሱ መዝገብ ነው። ሰው ለዘመናት በኖረበት ቦታ አፈር በላይ በላዩ ይደረባል፤ የታችኛው ንብርብር የቀደመው፣ የላይኛው የቅርቡ ነው። አንድ ሳንቲም ከአንድ የተቃጠለ ወለል ሥር ቢገኝ ቃጠሎው ከሳንቲሙ ዘመን በፊት እንዳልሆነ ይታወቃል። ከአንድ መቃብር ቢገኝ የሟቹን ዘመንና የኑሮ ደረጃ ያመለክታል። ያው ሳንቲም ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ከገባ ግን የሚቀረው ማዕድንነቱና በላዩ የተቀረጸው ብቻ ነው። የፈረሰውን ንብርብር መልሶ የሚሠራ ባለሙያ የለም።

ጀርመን ውስጥ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ በ1999 ሁለት ሰዎች በዛክሰን አንሃልት ግዛት፣ ኔብራ በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ በጫካ የተሸፈነ ኮረብታ ላይ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ሲፈልጉ አንድ የነሐስ ዝርግ ሰሌዳ አገኙ። ከ3 ሺህ 500 ዓመታት በፊት የተቀበረ፣ ጨረቃና ከዋክብት በወርቅ የተለጠፉበት፣ እጅግ የከበረ ቅርስ ነበር። ሰዎቹ በችኮላ ሲያወጡት በመቆፈሪያቸው ጎዱት፤ ከዚያም በድብቅ ሸጡት። ፖሊስ በ2002 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ወጥመድ ዘርግቶ አስመለሰው፤ ቆፋሪዎቹም ተፈረደባቸው። ባለሙያዎች ግን ሰሌዳው በእርግጥ ከዚያ ኮረብታ የወጣ መሆኑን ለማረጋገጥ አፈሩን ከአፈር እያነጻጸሩ ብዙ መድከም ነበረባቸው። ዕቃው ተመለሰ፤ ሲወጣ ይታይ የነበረው ሁኔታ ግን ሊመለስ አልቻለም።

ስለዚህም ነው አገሮች ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች ጠንካራ ሕግ ያወጡት። በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1979 የወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ በጥበቃ መዝገብ በሠፈረ ሥፍራ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀምን ይከለክላል። የመሬቱ ባለቤት ቢፈቅድም እንኳ ይህ ክልከላ አይነሣም። በእንግሊዝ ብቻ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ተመዝግበዋል። በፈረንሳይም ጥንታዊ ዕቃ ለመፈለግ በመሣሪያ መጠቀም የሚቻለው ከመንግሥት አስተዳደር ፈቃድ ሲገኝ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ማሳ

በእንግሊዝ ልምድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መናፈሻውም ጥብቁ ሥፍራም አይደለም፤ የታረሰ ማሳ ነው። ማረሻ በየዓመቱ የላይኛውን አፈር ስለሚገለብጥ በዚያ ውስጥ ያለ ዕቃ ቀድሞውኑ ከንብርብሩ ወጥቷል። እዚያው ቢቆይ በማረሻና በማዳበሪያ ይበልጥ ይጎዳል። ስለሆነም ከታረሰው አፈር በላይ ያለውን ማንሣት፣ ቦታውን በትክክል እስከመዘገቡ ድረስ፣ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል። ማረሻ ከማይደርስበት ጥልቀት ምልክት ሲመጣ ግን መቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያልተነካው መዝገብ ይጀምራልና።

ይህን መሠረት በማድረግ በእንግሊዝና በዌልስ በሰዎች የተገኙ ጥንታዊ ዕቃዎች የሚመዘገቡበት አሠራር እ.ኤ.አ በ1997 ተጀመረ። እስካሁን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ከነተገኙበት ቦታ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹን ያገኙት በመሣሪያ የሚፈልጉ ተራ ሰዎች ሲሆኑ፣ የተገኙትም በእርሻ መሬት ላይ ነው። ያገኘ ሰው ሁሉ ዕቃውን እንዲያስረክብ አይገደድም፤ ብዙው ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ከፍተኛ ዋጋ ያለውን በሚመለከት ግን ሕጉ ግልጽ ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የሚሠራው የ1996ቱ የሀብት ሕግ፣ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና ቢያንስ አንድ አሥረኛው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ ሲገኝ በ14 ቀን ውስጥ ለመርማሪ ሹም እንዲነገር ያዝዛል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ልዩ ታሪካዊ ፋይዳ ያላቸው የብረታ ብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል። ሙዚየም ሊወስደው ከፈለገ በገበያ ዋጋ ይተመናል፤ ገንዘቡም በተለምዶ ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት እኩል ይካፈላል። እ.ኤ.አ በ2009 በስታፎርድሺር አንድ ማሳ ላይ የተገኘው የወርቅና የብር ሀብት 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተተምኖ አግኚውና ገበሬው ተካፍለውታል።

ይህ አሠራር ገበሬውን የጉዳዩ ባለቤት አድርጎታል። ፈላጊ ማሳ ላይ ከመርገጡ በፊት ባለመሬቱን ያነጋግራል፤ የተገኘው እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ይስማማሉ፤ የሰብሉ ወቅት ይከበራል፤ የከብት በር ይዘጋል። ያለ ፈቃድ በሌሊት ገብቶ የሚቆፍር ሰው በስርቆት ይከሰሳል።

መደበቅ ምን ያስከፍላል?

ከሆክስን ተቃራኒ የሆነ ታሪክ በምዕራብ እንግሊዝ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ በ2015 ሁለት ሰዎች ሌምስተር በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ በሄርፎርድሺር፣ ከአንድ ማሳ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወርቅ ጌጣ ጌጦችና የብር ሳንቲሞች አወጡ። በሕጉ መሠረት አላሳወቁም፤ ለገበሬውም አልነገሩም። ሳንቲሞቹን በድብቅ ለሻጮች በተኑ። ምርመራው ሲደርስባቸው፣ ወደ 300 እንደሚሆኑ ከተገመቱት ሳንቲሞች የተመለሱት 31 ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ በ2019 የብዙ ዓመታት እስራት ተፈረደባቸው።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አልነበረም። ከተመለሱት ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ ኬዎልዉልፍ በየስማቸው፣ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን የተቀመጡበት ምስል ተቀርጿል። በኋላ ዘመን በአልፍሬድ ወገን የተጻፈው ዜና መዋዕል ኬዎልዉልፍን የማይረባ አሻንጉሊት ንጉሥ አድርጎ ያቀርበው ነበር። ሳንቲሞቹ ግን ሁለቱ እንደ አቻ ተባብረው እንደነበር መሰከሩ። የጠፉት ቀሪዎቹ ሳንቲሞች ምን ይጨምሩ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ፈላጊዎቹ በጊዜው ተናግረው ቢሆን ኖሮ በወህኒ ቤት ፋንታ ከፍ ያለ ድርሻ ይዘው ወደየቤታቸው በገቡ ነበር።

በአገራችን ሲሆንስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ እንዳያካሂድ ይደነግጋል። ይህም ማለት ለመናፈሻም ሆነ ለገለልተኛ ፍርስራሽ፣ መሣሪያ ይዞ ጥንታዊ ዕቃ ፍለጋ መውጣት በራስ ምርጫ የሚደረግ መዝናኛ አይደለም። ወርቅ ለመፈለግና ለማውጣትም ቢሆን በማዕድን ሕጉ መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል።

አዋጁ ሳያስብ ያገኘውን ሰውም አልዘነጋም። በማዕድን ሥራ፣ በቤት ወይም በመንገድ ግንባታ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። በአንጻሩም ተገቢው ወሮታ እንዲሰጠውና በዚህ ሥራ ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ሕጉ ደንግጓል። አርሶ አደሩ ይህን መብቱን ማወቅ አለበት፤ «ካሳወቅሁ እወረሳለሁ እንጂ የማገኘው የለም» በሚል ሥጋት ዕቃውን ለደላላ በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሕጉን ካለማወቅ ነውና።

የአገራችን ገበሬ ለታሪካችን የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። በአክሱም የሚገኘው፣ የንጉሥ ኢዛና ድል በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ በ1981 የተገኘው በአርሶ አደሮች ነው። ድንጋዩ ወደ ሌላ ቦታ ሳይጋዝ እዚያው በተገኘበት መጠለያ ተሠርቶለት ይጎበኛል። በየሐ አቅራቢያ ያለው ቤተ ሰማዕቲ የተባለው የአክሱም ዘመን ከተማም ለዓለም የታወቀው፣ የአካባቢው ሰዎች ኮረብታው ታሪክ ያለው ቦታ መሆኑን ለተመራማሪዎች ስላመለከቱ ነው። በቁፋሮው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ተገኘ። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ የከበረ ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበትም ወጣ። ያ ቀለበት በሌሊት ተቆፍሮ ቢሸጥ ኖሮ ዛሬ የአንድ ባለጸጋ ጌጥ ከመሆን አያልፍም ነበር። በቦታው በመገኘቱ ግን የአንድ ከተማ የንግድና የእምነት ታሪክ ምስክር ሆነ።

የአክሱም ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ቀርጸዋል። ከነገሥታቱ መካከል ስማቸው ከሳንቲም በቀር በሌላ ማስረጃ የማይታወቅ አሉ። በኢዛና ዘመን በሳንቲም ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል መተካቱ ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ለመሆኑ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በዝናብ ታጥቦ ወይም በማረሻ ተገልብጦ ከማሳ የሚገኝ አንድ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም በገበያ ብዙ ላያወጣ ይችላል። የተገኘበት ማሳ ከታወቀ ግን የአንድን ንጉሥ ግዛት ወሰን ወይም የአንድን የንግድ መንገድ አቅጣጫ ሊያሳይ ይችላል። በይፋት ቆላ ያሉት ኖራና አስበሪን የመሳሰሉት የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾችም ገና ብዙ የሚናገሩት አላቸው። እነዚህ ሰው የማይበዛባቸው ሥፍራዎች ጠባቂያቸው አጥር ሳይሆን በዙሪያቸው የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ሕይወትን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ

መሣሪያው ወርቅን ከፈንጂ አይለይም። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት፣ የእጅ ቦምብ ወይም የተቀበረ ፈንጂ መሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአውሮፓ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምቦች እስከ ዛሬ ከእርሻና ከግንባታ ቦታ ይወጣሉ። በአገራችንም ውጊያ በተካሄደባቸው አካባቢዎች ሥጋቱ የቅርብ ጊዜ ነው። ያልታወቀ የብረት አካል ያየ ሰው ሊነካው፣ ሊያነሣው፣ ሊመታው ወይም እሳት ሊያስጠጋበት አይገባም። በመጣበት ዱካ ተመልሶ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጎ፣ ልጆችንና ከብቶችን አርቆ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ብረቱን ለቁራሌው ለመሸጥ ብሎ መቀጥቀጥ የሕይወት ዋጋ ያስከፍላል።

ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

በእርሻ፣ በጉድጓድ ወይም በመሠረት ቁፋሮ ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ሲገኝ የሚከተሉትን መፈጸም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሥራውን በዚያ ነጥብ ላይ ማቆም፤ የቀረውን ለማየት ጉድጓዱን አለማስፋት። ሁለተኛ፣ የተገኘበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በእንጨት ማመልከት፤ ስልክ ካለ ዕቃውን ከነቦታው ፎቶ ማንሣት። ሦስተኛ፣ ዕቃውን አለማጠብ፣ አለመፈግፈግና አለማቅለጥ፤ ዝገቱና የተጣበቀው አፈር ራሱ ማስረጃ ነው። አራተኛ፣ ለቀበሌው አስተዳደርና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በምስክር ፊት ማሳወቅ፣ ሲያስረክቡም የርክክብ ሰነድ መቀበል። ወሮታ ለመጠየቅ የሚያስችለው ይህ ሰነድ ነው። አምስተኛ፣ ወሬው ለደላላ ሳይደርስ ሥፍራው እንዲጠበቅ ከጎረቤት ጋር መመካከር።

በውጭ አገር ለሚኖርና ፍለጋውን እንደ መዝናኛ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ምርጫው ይህን ይመስላል። መሣሪያውን ለመልመድ ወይም የጠፋ ንብረት ለመፈለግ፣ አስተዳዳሪው በጽሑፍ የፈቀደው መናፈሻ ወይም የወዳጅ የግል ግቢ ይበቃል። ታሪክ ለሚፈልግ በባለመሬቱ ፈቃድ የታረሰ ማሳ ላይ፣ ከማረሻው ጥልቀት ሳይወርዱ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከነቦታው እያስመዘገቡ መፈለግ ይሻላል። በጥበቃ መዝገብ የሠፈረና ማረሻ ያልነካው ጥንታዊ ሥፍራ ግን ለባለሙያ ይተዋል። ሥፍራው ጭር ያለ መሆኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

የሆክስኑ አትክልተኛ ስሙ በበጎ የሚነሣው ብዙ ወርቅ ስላገኘ ብቻ አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ ገና ብዙ እንዳለ እያወቀ እጁን መሰብሰቡ ነው ሀብቱን ከነታሪኩ ያተረፈው። በየማሳውና በየኮረብታው ሥር የጥንት ዘመን ምስክር ባለባት አገራችንም፣ ማረሻው ወይም ዶማው ያልታሰበ ነገር ሲነካ ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው ይኸው እጅን መሰብሰብ ነው።